ለስድስት ሰው የተሠራ ቤት

ባለጣውላው ልጆቻቸውንና ምራቶቻቸውን ሳሎን ሰብስበው፣ ምንጣፉን አስጠቅልለው፣ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ አስተኟቸው። "እጅህን ደረትህ ላይ አድርግ! እግርህን ግጠም! እንደ ሞተ ሰው ተኛ እንጂ፤ ምን ያስገለፍጥሃል?" እያሉ በከዘራቸው ጫፍ ጉልበታቸውን ያቃናሉ። ግንበኛው ተንበርክኮ ሜትሩን ከአናት እስከ ተረከዝ ይዘረጋል፣ ትከሻቸውን ይለካል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። ውጭ ሆኖ ለሚሰማ ሰው የሰርግ ልብስ የሚሰፋላቸው ይመስላል። የሚለኩት ግን ለመቃብር ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በቅናት ነው፤ ምን ይደበቃል። ባለጣውላው ዕድሜያቸውን ሙሉ የጣራ እንጨት ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የከተማው እኩሌታ የሚተኛው እሳቸው በሸጡት እንጨት ሥር ነው። ተፎካካሪያቸው ባለብሎኬቱ ሞተና ቀብሩ ላይ ሄዱ። ሰውየው እብነ በረድ ወደተለበጠ፣ የብረት በር ወዳለው፣ የቤተሰቡ ስም በወርቅማ ቀለም ወደተጻፈበት የመቃብር ቤት ገባ። ባለጣውላው ከቀብር ሲመለሱ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ "የብሎኬት ነጋዴ እብነ በረድ ውስጥ ተንፈላሶ እኔ ጭቃ ውስጥ ልጣል? እኔ?" ብለው ጮኹ። ብዙም ሳይቆዩ ኮረብታው ላይ ካለው የግል መቃብር ቦታ ገዙ። "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ! በሕይወት ያልተሰበሰባችሁትን ሞቼ እሰበስባችኋለሁ" አሉ። ለሟች ሚስታቸውም አሰቡላት፤ አጽሟ ከሕዝብ መቃብር ወጥቶ ከጎናቸው ይገባል ተባለ።

የመጀመሪያ ልጃቸው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ወንድሞቿ አፍ ሲፈቱ እታለም ብለው ጠሯት፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩም፣ ባለሱቁም፣ የገዛ አባቷም እታለም አሏት፤ የወጣላትን ስም ከእሷ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ግንበኛ ፊት ወለል ላይ መጋደሙ አሳፍሯት ጠዋት ንጹሕ ቀሚስ ለብሳለች፣ ቀዳዳ የሌለው ካልሲም መርጣለች።

ከወንድሞቿ ታላቁ፣ ኢንጅነሩ፣ ተለካ። ከዚያ ሚስቱ። ከዚያ ትንሹ፤ ራሱ ተመልጦ፣ ልጆቹ ጢም አብቅለው፣ ዛሬም ትንሹ ነው የሚባለው። የትንሹ ሚስት ሜትሩ ሲነካት ኮረኮራትና ሳቋ አመለጣት፤ "እዚያም ጎኔ ሆነሽ እንዲህ ልትገለፍጪብኝ ነው?" አሏት። በመጨረሻ እሳቸው ተኙ፤ ሊነሱ ሲሉ እታለም ሮጣ ደገፈቻቸው።

"የእመቤቲቱንስ ጋሼ?" አለ ግንበኛው።

"የእሷን እኔ እነግርሃለሁ። አጽም ቢሆንም ሙሉ ቦታዋን ታገኛለች። መለሎ ነበረች፤ ከእኔ ብታንስ በጣት ነው።"

እታለም ኢንጅነሩን አየችው፤ እሱም አያት። እናታቸው ከቁም ሣጥን ላይ ዕቃ ለማውረድ በርጩማ ላይ የምትወጣ ድንክ ብጤ ሴት ነበረች። በዚያ ቤት ግን አባባን ማረም ያልተለመደ ነው።

ግንበኛው ሜትሩን ጠቀለለ። እታለም እጇን በፎጣ አድርቃ ወደ ሳሎኑ ገባ አለች።

"ጎሽ፣ መጣሽ?" አሉ አባቷ። "ምንጣፉን መልሺው።"

መለሰችው። ማዕዘኑን እያስተካከለች፣ የእኔን ሳይለኩም ያውቁታል ብላ ራሷን አጽናናች። ሞኝ አትበሏት። ሰው አባቱን ካላመነ ማንን ያምናል?

እናቷ ስትሞት እታለም ገና ወጣት ነበረች፤ አንድ የሒሳብ መምህር ሊያገባት ፈልጎ አባቷን ሊጠይቅ መጣ። "እነዚህን ሁለት ልጆች ማን ያሳድግልኝ? ትንሽ ጠብቅ" አሉት። ጠበቀ። ወንድሞቿ ሲያድጉ ደግሞ "እኔን ማን ይጦረኛል?" አሉት፤ መምህሩም ሰው ነውና ሌላ አገባ። ከዚያ ወዲህ ጠያቂ አልመጣም። አባቷ ደረታቸውን መታመም ሲጀምሩ፣ ሲያስላቸው እንድትሰማ ፍራሿን ከአልጋቸው ግርጌ አነጠፈች፤ እዚያው ነው የምታድረው። ምስጋና ፈላጊ ሴት አይደለችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከቤተሰቡ ተቆጥራ፣ ከእናቷ ጋር አንድ ጣራ ሥር ማረፍ። በሕይወቷ የራሷ የምትለው ክፍል ኖሯት አያውቅም፤ ስትሞት እንኳ ስሟ የተጻፈበት አንድ ቦታ ቢኖራት ምናለ?

የቤቱን ሥራ ማን ተቆጣጠረው ብትሉ እሷው ነች። ኢንጅነሩ ፕላኑን ሠርቶ ሰጠና "ስብሰባ አለብኝ" ብሎ ተሰወረ፤ ትንሹ አንድ ቀን መጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። እታለም የአባቷን መድኃኒት አስውጣ፣ ምሳቸውን አቅርባ፣ ኮረብታውን ትወጣለች። አሸዋ ተጭኖ ሲመጣ ዘግና በእጇ ትጨምቀዋለች፤ መዳፏ ላይ ጭቃ ከቀረ ሹፌሩን አትምረውም። "ይሄ አሸዋ ነው? ይሄማ የእርሻ አፈር ነው! ሽንኩርት ልተክልበት ነው?" አዲስ የተለሰነው ግድግዳ በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ውሃ ታጠጣለች።

"እትዬ፣ እርስዎ እያሉ ሸለብ ማድረግ እንኳ አልቻልኩም" ይላታል ግንበኛው።

"መተኛት ካማረህ ቦታው ሞልቷል፤ ግባና ምረጥ!"

ሠራተኞቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እሷም ትስቃለች፤ ከቤት ወጥታ ስትውል፣ ሰው ስትጠይቅና ሰው ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ወደ ቤት ከመመለሷ በፊት መንገዱን ተሻግራ ወደ ሕዝብ መቃብሩ ትገባለች። እናቷ ያለችው ታች አጥሩ ጥግ ነው። ባለጣውላው "ለጊዜው" ብለው ራስጌዋ ያቆሙት ጣውላ ከበሰበሰ ቆይቷል፤ ቁጥርም ስምም የለው፣ ዝቅ ያለ የአፈር ጉብታ ነው፤ እታለም ዙሪያውን በጠጠር ከባዋለች። ከጎኗ ትልልቅ ድንጋይ የተነባበረበት ሰፊ መቃብር አለ። ዘመድ ያልነበረው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የሥራ ጓደኞቹ ድንጋዩን በመኪና አምጥተው ደረደሩለትና ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣለትም። እታለም የእናቷን አረም ስትነቅል የእሱንም ትነቅላለች። "አንተም ሰው የለህ፣ አይዞህ" ትለዋለች። ከአባቷም ከወንድሞቿም ከቀብሩ ቀን ወዲህ እዚያ የረገጠ የለም።

ግድግዳው ላይ የሬሳ ሣጥን የሚገባባቸው ቦታዎች ሲወጡ ቤተሰቡ "መሳቢያ" ብሎ ሰየማቸው፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ሆነ። የኢንጅነሩ ሚስት፣ "ከታች ውሃ ይገባል፣ ከላይ ሙቀት ነው፣ እኔ መሐለኛውን ነው የምፈልገው" አለች። ትንሹ፣ ወንድሜ ከላዬ ሆኖ እስከ ዘላለም አይረግጠኝም ብሎ አኮረፈ። እታለም የሰማችውን እየሳቀች ለግንበኛው ስታወራ ዐይኗ ግድግዳው ላይ ዋለ። በቀኝ ሦስት፣ በግራ ሦስት። ሳሎን ወለል ላይ የተኙት አምስት ነበሩ፤ እናቷ ስድስት።

"በዚያኛው ግድግዳ ነው የሚቀጥለው?" አለች።

ግንበኛው የልስን ማንኪያውን ባልዲው ውስጥ ከተተ። "እትዬ፣ ስድስት ነው። ጋሼ ያዘዙኝ ስድስት ነው። እኔ እኮ እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ..."

ክው አለች። ውሃ ማጠጫውን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ውሃው ጫማዋ ላይ ፈሶ ሲያልቅ አልታወቃትም።

እሑድ ቤተሰቡ ለምሳ ሲሰበሰብ ሳህን እያቀረበች ጠየቀች።

"አባባ፣ የእኔ የት ነው?"

"የምን የአንቺ?"

"መሳቢያዬ።"

ባለጣውላው አፋቸውን ጠረጉ። "ሴት ልጅ እኮ የሰው ናት። ሴት የምታርፈው ባሏ ዘንድ ነው። እኔ አላመጣሁት፤ ወጉ ነው።"

"የትኛው ባል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የሰው ነገር አይታወቅም፤ ነገ ይመጣ ይሆናል።"

ወይ አለማፈር! በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው የከተቱ ሰውዬ፣ ለምን አልወጣሽም ብለው ይጠይቃሉ። የእታለም ደም ፈላ።

የትንሹ ሚስት፣ ያቺ ሳቂታዋ፣ "የእኔን ትውሰድ" አለች። "እኔ እናቴ ጎን ነው የምቀበረው፤ እውነቴን ነው።"

"እና ከወንድሟ ጎን እንደ ሚስት ትተኛ? ሰው ምን ይለናል?" አሉ ባለጣውላው።

"እሺ፣ ሌላ ይጨመርላታ!"

ሁሉም ኢንጅነሩን አየ። ኢንጅነሩ ሳህኑን አየ። "ግድግዳው ጣራውን የተሸከመ ነው፤ አሁን ባይነካ ይሻላል። ደግሞ እታለም፣ ምን አስቸኮለሽ? ገና ነሽ እኮ። ይታሰብበታል።"

ይህ ኩፍኝ ሲይዘው ጀርባዋ ላይ አዝላው ያደረችው ልጅ ነው እንግዲህ። እታለም ሳህኖቹን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ማንም አልሰማትም፤ ቧንቧውን የከፈተችውም ለዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ኮረብታው ላይ መውጣት ተወች። ልስኑ ውሃ አጥቶ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ በስንጥቅ ሆነ። ባለጣውላው ሰምተው፣ "አንቺ ስትለግሚ ቤቴ ተሰነጠቀ!" ብለው ጮኹባት። እሷም ተመልሳ ወጣች፤ ምን ታድርግ? አሁን ግን የምትወጣው ተስፋዋን ቆርጣ አልነበረም። ብለምናቸው ይራሩልኛል ብላ ነው። ኩራቷን ሁሉ ጥላ፣ አባቷን እያጠበች ለመነች። "አፈር ስሆን አባባ! ከእናቴ ሥር አንድ ጥግ ይበቃኛል። ከውጭ አይጣሉኝ።" እሳቸውም ማሰብ ጀመሩ። አስበው አስበው፣ አንድ ጠዋት አልጋቸው ላይ ቀና አሉና ፊታቸው በርቶ ጠሯት።

"አገኘሁልሽ! ከእኔ መሳቢያ ሥር፣ ወለሉ ውስጥ፣ አግድም። ግንበኛውም ይቻላል ብሏል።"

"ወለሉ ውስጥ? ሰው በሚረግጠው?"

"የሚመጣው ያው የራሳችን ሰው አይደል? ጫማውን አራግፎ ይገባል።" ከዘራቸውን ወደ ፍራሿ ቀሰሩ። "ዕድሜሽን ሙሉ ግርጌዬ ስትተኚ ኖረሽ የለ? ለምደሽዋል። ብጠራሽም ትሰሚኛለሽ።"

ቀልድ መስሏት ፊታቸውን አየች። ቀልድ አልነበረም። ሰውየው ከልባቸው ደስ ብሏቸዋል፤ ትልቅ ስጦታ ሰጥተው ምስጋናውን ይጠብቃሉ። እታለም ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባት። ረስተዋት አይደለም። ቢረሷትማ ይሻል ነበር። አስበዋት፣ ቀን ከሌት ተጨንቀውላት፣ ያገኙላት ቦታ ከእግራቸው ሥር ነው።

"ይቅርብኝ" አለች።

"አልጋ ሲሏት አመድ!" አሉ ባለጣውላው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ቀኑን ሙሉ አኮረፉ፤ ገንፎዋን ግን በሉ።

የእናትየው አጽም የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ላይ ኮረብታው ላይ ለመቃብር ቤቱ ምረቃ እንግዳ ተጠርቷል፣ ወንበር ተደርድሯል። መቃብር ሲመረቅ እታለም መስማቷ ነው። ወደ ሕዝብ መቃብሩ ሁለት ቆፋሪዎች መጥተዋል፤ ጥበቃው በቅርብ የተቀጠረ ነው፣ ማን የት እንደተቀበረ አያውቅም። ባለጣውላው ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ በእታለም ክንድ ተደግፈው፣ እያለከለኩ አጥሩ ጥግ ደረሱ።

"የቱ ነው?" አለ አንደኛው ቆፋሪ።

ኢንጅነሩ ዙሪያውን አየ፣ ትንሹም አየ። "እታለም ታውቀዋለች" አለ ኢንጅነሩ።

እታለም ወደ ዝቅተኛው ጉብታ እጇን ልታነሣ ስትል ባለጣውላው ክንዷን ለቀው ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ።

"እኔ በሕይወት እያለሁ እሷ ለምን ትጠየቃለች? ሚስቴን የቀበርኩት እኔ ነኝ!" ዐይናቸውን ከወዲህ ወዲያ አንከራተቱ። በጠጠር የተከበበችውን ጉብታ አዩዋትና አለፏት። ትልልቅ ድንጋይ የተነባበረበት ላይ ሲደርሱ ከዘራው ቆመ። "ይኸው! የእኔ ሚስት እንዲህ ያለ ቦታ ነው የምታርፈው። ድንጋዩንም ያስደረደርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ትዝ ይለኛል።"

"አባባ፣ እሱ እኮ..."

"አንቺ ዝም በይ!"

ዝም አለች። መጀመሪያ ዝም ያለችው ከልማድ ነው፤ ዝም በይ ሲባል ዝም ማለትን ከልጅነቷ ጀምሮ ተክናበታለች። ቆፋሪዎቹ የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲያንከባልሉ ግን አሁንም መናገር ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ትንሿን ጉብታ አየች። ይቺን ሴት ከዚህ አውጥቼ ለማን ልሰጣት ነው? ቁመቷን እንኳ ለማያውቅ ሰው? ሹፌሩንም አሰበችው፣ ማንንም ሳይበድል ከተኛበት የሚቀሰቀሰውን። ይቅር በለኝ አለችው በልቧ። አፏንም ገጥማ ቆመች፤ ይህኛው ዝምታ የገዛ ራሷ ነበር።

ቆፋሪው ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አጽሙን እየለቀመ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲያኖር፣ "አቤት ቁመት! የጭናቸውን አጥንት አያችሁት? ሴትዮዋ መለሎ ነበሩ" አለ።

"ምን አልኳችሁ?" ባለጣውላው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። "ምን አልኳችሁ! መለሎ ነበረች!"

ኢንጅነሩ ቀና ብሎ እህቱን አያት። ገብቶታል። እናቱ ስትሞት ገና ልጅ ሆኖ በቁመት በልጧት ነበር። እታለም ዐይኗን ከዐይኑ ላይ አልነቀለችም። በል ተናገር፣ አንተን ይሰሙሃል፤ አንተን ዝም በል የሚልህ የለ። ኢንጅነሩ ሰዓቱን አየ። እንግዶቹ ተቀምጠዋል፣ እብነ በረዱ ላይ የእናቱ ስም ተቀርጿል። "በሉ እንቸኩል፣ ፀሐዩ ሳይበረታ" አለና ወደ መኪናው ወረደ።

አጽሙ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ሲሄድ ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱን ሊደፍኑ አካፋ አነሡ።

"ቆዩ" አለች እታለም። ጥበቃውን ጠራችው። "ይሄ ቦታ አሁን የማን ይሆናል?"

"ባዶ ሆነ እኮ እትዬ፤ ለመጣ ሰው ይሰጣል።"

"እኔ መጥቻለሁ። በስሜ ያዝልኝ።" ስሟን ነገረችው፤ እታለም የሚለውን አይደለም፣ የወጣላትን። ስትናገረው ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ጥበቃው ከታች የቆሙትን መኪናዎች አየ። "ላይ ያንን የመሰለ ቤት የሠራችሁት እናንተ አይደላችሁ እንዴ? እዚህ ጭቃ ውስጥ ምን ሊያደርግልዎ? ዘመድ የለኝም ካላሉ በቀር..."

"አለችኝ" አለች እታለም፤ ወደ ትንሿ ጉብታ ጎንበስ ብላ አንድ አረም ነቀለች። "ጎኔ ናት።"

የመኪናው ጥሩምባ ደጋግሞ ጮኸ። የአባቷ መድኃኒት ሰዓት ደርሷልና ወረደች። ባለጣውላው ሣጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በመዳፋቸው እየዳበሱ ይንሰቀሰቃሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የተባለው እውነት ነው፤ ለማን እንደሚያለቅሱ ብቻ አያውቁም።

"ምን ተጎልተሽ ቆየሽ?" አሏት።

"ጉድጓዱን ሳስይዝ።"

"የምን ጉድጓድ?"

"እርስዎ ያስቆፈሩልኝን። ዕድሜ ልኬን ምንም አድርገውልኝ አያውቁም አባባ፤ ይሄን ግን ሳያስቡት አደረጉልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ምን ትዘባርቂያለሽ? ይልቅ ግቢና ይሄን ያዥልኝ፤ እጄ ዛለ።"

ገባች፤ ሣጥኑን ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችው። መኪናው ኮረብታውን መውጣት ሲጀምር አባቷ ትከሻዋን ተደግፈው እንቅልፍ ጣላቸው። እታለም ጎንበስ ብላ አፏን ወደ ሣጥኑ ክዳን አስጠጋች።

"ቻላቸው ወንድሜ" አለችው በሹክሹክታ። "ተራው ያንተ ነው። እኔስ በቃኝ።"